አያቴ የተከራየው ክፍል

እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ማመን ያልፈለገ ይተወው። እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ... በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በሰው አገር።

የሄድኩት የዘሬን ታሪክ ልጠይቅ ነው እያልኩ ለሰው አወራሁ። ውሸቴን ነው። ልሳደብ ነው የሄድኩት።

የአባቴ አባት "ሥራ እንዳገኘሁ እወስዳችኋለሁ" ብሎ ባሕር ተሻገረ። አባቴ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። አንዲት ደብዳቤ መጣች። ከዚያ ጭጭ።

አባቴ ስልሳ ዓመት በር በሩን ሲያይ ኖሮ፣ አምና ሞተ። ሲያጣጥር እንኳ "ሰው መጣ እንዴ?" ይል ነበር።

አንጀቴ አረረ። የደብዳቤዋን አድራሻ ይዤ ሄድኩ። መቃብሩን ባገኝ ልተፋበት።

ቤቱ አለ። ባለ ሁለት ፎቅ፣ ቀለሙ የተላጠ። የከፈተችልኝ የቤቱ ባለቤት ናት፤ ሃምሳ ቢሆናት ነው። ደብዳቤዋን አሳይቼ በምልክት ላስረዳት ስል...

"ግባ፣ ልጄ" አለችኝ።

በእኛ ቋንቋ።

"ማን አስተማረዎት?"

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። "ቀስ... ይሰማሃል።"

"ማን?"

"ፎቅ ላይ ያለው። ከልጅነቴ ጀምሮ በግድግዳው በኩል ሲያወራ እሰማዋለሁ። ከእሱ ነው የለመድኩት።"

"አያቴ በሕይወት አለ?!"

"እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው።"

ሌላ ሰው ቢሆን እግሬ አውጪኝ ይል ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

"ምን ይላል?"

"ድሮ ልጁን ነበር የሚጠራው። አምና መጥራቱን ተወ..." ወደ ፎቁ ቀና ብላ አየች። "አሁን 'ማሩኝ' እያለ ይለምናል።"

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ። እሷ ቁልፏን ይዛ ከኋላዬ።

የበሩ የውጭ እጀታ ዝጓል። ተከፍቶ የውስጡን ሳየው ግን...

ያብረቀርቃል። በየቀኑ እጅ የሚነካው ይመስል።

ክፍሉ ውስጥ አልጋና ወንበር ብቻ። ወለሉ ላይ ጣት የሚያሰምጥ አቧራ። አንድም ዱካ የለበትም።

"አንተ ሽማግሌ!" ብዬ ጮህኩ። "ስልሳ ዓመት ሙሉ በር ላይ አስቀመጥከው! 'አልመጣም' ብለህ ብትጽፍለት እጅህ ይቆረጥ ነበር?"

"አትቆጣው..." አለች ሴትዮዋ በሹክሹክታ። "እባክህ... ማርኩህ በለው።"

"በአባቴ አጥንት አልምረውም!"



ከዚያ አልጋው ሲጥ... አለ። ሰው ሲነሳ እንደሚለው።

አቧራው ላይ፣ ከአልጋው አጠገብ፣ ሁለት ክብ ምልክቶች ታዩ።

ጉልበት ነው።

ከፊታቸው ሁለት መዳፍ። ከዚያ ጉልበት። እንደገና መዳፍ... ወደ እኔ።

ሴትዮዋ ደረጃውን በሩጫ ስትወርድ ሰማኋት። እኔ ንቅንቅ ማለት አቃተኝ። የሚገርመው፣ ንዴቴም ንቅንቅ አላለም። "አልምርህም" እያልኩ ነበር፤ ጥርሴ እየተንገጫገጨ።

መዳፎቹ እግሬ ሥር ሲደርሱ ቆሙ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ።

በግራ ጫማዬ ላይ አምስት የአቧራ ጣቶች ታትመዋል። በቀኙ ላይ ደግሞ... አንድ በአንድ እየታተሙ ነበር።