ሰባተኛዋ ፊውዝ

መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም ነበር። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ከቤቱ ጎን በተለጠፈችው ጠባብ ጋራዥ ውስጥ፣ ከአዲሷ ባለ ሦስት ጎማ ሞተር ሳይክሉ አጠገብ፣ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ላየው ሰው ለአፍታ ያሸለበ እንጂ የሞተ አይመስልም። የባለ ሦስት ጎማዋ ኮርቻ ተነሥቶ ባትሪዋ ተጋልጧል። ከእግሩ ሥር ፒንሳ ወድቋል። ቀኝ መዳፉ ውስጥ አንዲት የተቃጠለች ፊውዝ አለች።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «ሴት ልጁ ለምሳ ስትመለስ በሩ ተዘግቶ፣ ሞተሩ እየሠራ አገኘችው። ጠዋት ዝናብ ነበረ፤ በሩን ዘግቶ ኤሌክትሪኩን ሲነካካ ጭሱ ገደለው። ይቺ ጉድ ከተገዛች ጀምሮ ፊውዝ ስታቃጥል ነው የከረመችው አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ቆይ» አለች መርማሪዋ።

በመሥሪያ ቤቷ «እመት ቆይ» የሚሏት ያለ ነገር አልነበረም። ሌላው ሰው «በቃ፣ እንሂድ» ባለ ቁጥር እሷ «ቆይ» ትላለች፤ እዚያው ቆማም ዓይኗን ታንከራትታለች። አሁንም መደርደሪያው ላይ አንድ ደብተርና አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አየች። ደብተሩ ላይ ሟቹ እያንዳንዱን ብልሽት በቁጥር መዝግቧል። «አንድ፦ ወደ ገበያ ስትታጠፍ ጠፋች። ሁለት፦ ሆስፒታሉ በር ላይ መብራቷም ሞተሯም ድርግም አለ።» እንዲህ እያለ እስከ አሥራ አንድ ይዘልቃል። ቆርቆሮው ውስጥ ደግሞ የተቃጠሉት ፊውዞች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ቆጠረቻቸው፤ አሥር ናቸው። ሰባት ቁጥር የለችም።

ከሟቹ መዳፍ ያለችውን በወረንጦ አንሥታ ወደ ብርሃኑ አስጠጋቻት። ጎኗ ላይ የሙጫ ቅሪት አለ። በጥንቃቄ ከረጢት ውስጥ ከተተቻት።

ሴት ልጁ ሳሎን ውስጥ የነርስነት ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ተቀምጣለች።

«የገዛሁለት እኔ ነኝ» አለች። «እግሩ ስለተጎዳ የባለ ሁለት ጎማ ሚዛን መጠበቅ አይችልም። ትንሽ ከቤት ይውጣልኝ ብዬ ነበር። በገዛ እጄ ገደልኩት።»

«እግሩን ምን ሆኖ ነው?»

«የአውቶቡስ አደጋ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አለፈው። ቁልቁለት ላይ ገደል ገባበትና ዘጠኝ ሰው ሞተ። ፍጥነት አብዝቶ ነው ተባለ፤ እሱም አልተከራከረም። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት መቆም አይወድም ነበር።»

ባሏ ከጀርባዋ ቆሞ ትከሻዋን ይዟል። መርማሪዋ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተስ ከአማትህ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ጎረቤት ሳይነግርሽ እኔው ልንገርሽ» አለ። «በዚች ሞተር ተጨቃጭቀናል። መንገድ ላይ ቀጥ ስትል መኪና ይጨፈልቅሃል፣ ለሻጩ መልሳት አልኩት። ሰሞኑን ተኮራርፈንም ነበር። ትናንት ግን ታረቅን።»

«በምን ምክንያት?»

«ተሠራቻ! ኤሌክትሪክ ሠሪው ሽቦ መጥቶ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሠርቷት ሄደ። ከኋላ ጭኖኝ አደባባዩን ሦስት ጊዜ አዞረኝ። አቤት ሲስቅ! ለሚስቴም እዚያው ሆኖ ደወለላት።»

መርማሪዋ እርሳሷን አስቀመጠች።

«ቆይ፣ ቆይ። ትናንት ድና ከነበረ ዛሬ ምን ሊጠግን ገባ?»

ባልና ሚስት ተያዩ።

ሽቦ የሚሉት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ስሙን ያገኘው ከሥራውም ከቅጥነቱም ነው። ወሬውን ሲሰማ የያዘው መፍቻ ከእጁ ወደቀ።

«ሻጩ ሁለት ጊዜ ባትሪ ቀየረለት፤ ባትሪው ምን አደረገ?» አለ። «እኔ ደብተሩን አነበብኩ። አሥራ አንዱም ቦታ ወደ ግራ የሚታጠፍበት ነው። መሪው ወደ ግራ ሙሉ በሙሉ ሲዞር ከአንገቱ ሥር አንድ ሽቦ ከብረቱ ጋር ይፋተጋል። ልባሱ ተልጦ ብረት በነካ ቁጥር ፊውዝ ያቃጥላል። ሽቦውን ቀየርኩ፣ አዲስ ልባስ አለበስኩ፣ አራቅኩት። ከዚያ መቶ ጊዜ ብታዞሪው ምንም የለም።»

«ሌላ የሚነግሩኝ ነገር የለም?»

ሽቦ በሩን ዘጋ።

«እኔ ድሮ የአውቶቡስ ድርጅቱ ሠራተኛ ነበርኩ። በአደጋው ማለዳ አውቶቡሱን የመረመርኩት እኔ ነኝ፤ ፍሬኑ አይዝም፣ እንዳይወጣ ብዬ ጽፌ ፈርሜያለሁ። የቴክኒክ ኃላፊው ወረቀቱን አስቀይሮ አስወጣው። ብትናገር ትባረራለህ አለኝ፤ ልጆች ነበሩኝ፣ አፌን ዘጋሁ። ማክሰኞ ዕለት ያንን ደብተር ሳነብ፣ ሰውዬው ለአንዲት ፊውዝ እንኳ እንዲህ ሲጠነቀቅ ሳይ፣ አንጀቴ አልቻለም። ነገርኩት። የወረቀቱንም ግልባጭ ሰጠሁት።»

«ዋናውስ?»

«እኔ ጋ ነው፤ ያኔ ደብቄ አስቀረሁት።»

ያ የቴክኒክ ኃላፊ አሁንም «አለቃ» ይባላል። የሟቹ የልብ ወዳጅ፣ በየሳምንቱ ቤቱ የሚመጣ ሰው ነው። መርማሪዋን መሐረብ ይዞ ተቀበላት።

«ወንድሜ ነበር» አለ። «ያቺ የተረገመች ሞተር! ፊውዟ ደጋግሞ ሲቃጠል ጣላት ብዬው ነበር።»

«ማክሰኞ ደውሎልዎት ነበር፤ ስልኩ ላይ አይቻለሁ።»

«እንደምን ነህ ሊለኝ ነው። ሌላ ከተማ ሦስት ቀን ሰንብቼ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው የገባሁት። ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደ ቤቴ መጥቼ ተኛሁ። ያውም በኪኒን ነው፤ ያለ እሱ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ። አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ይሆናል።»

«ጋራዡን ያውቁታል?»

«ሳሎን ነው የምቀመጠው። እዚያ እግሬም ረግጦ አያውቅ።»

በማግስቱ ከሰዓት መርማሪዋ አራቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ መውጫው ላይ ቆመ። ማንም በርጩማዋ ላይ ለመቀመጥ አልደፈረም።

«ሐኪሙ በሟቹ ደም ውስጥ የጭሱን መርዝ ብቻ ሳይሆን የእንቅልፍ መድኃኒትም፣ ከሆዱም ሻይ አግኝቷል» ብላ ጀመረች። «አንድ ሰው አስተኝቶት፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ በሩን ዘግቶ ሄዷል።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፈነች። አለቃ ቀና ብሎ አያት።

«መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ አለ» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሷን ነው። ግን ገዳዩ ሲጠግን ሞተ እንዲባል ኮርቻውን አነሣ፣ ፒንሳ ጣለ፣ የተቃጠለች ፊውዝ አስጨበጠ። ይህ የሚጠቅመው ሞተሯ እንደተበላሸች ናት ብሎ ለሚያምን ሰው ብቻ ነው። ልጅቷ መሠራቷን ታውቃለች። ባሏ ተሳፍሮባታል። የሠራት ሽቦ ነው። ሦስቱም ደግሞ ሌሎቹ እንደሚያውቁ ያውቃሉ፤ በአንድ ቃል የሚፈርስ ውሸት ምን ያደርግላቸዋል? ይህንን ያሰናዳው መጠገኗን ያልሰማ ሰው ነው። እርስዎ ከተማ አልነበሩም፣ አለቃ።»

«እና ከተማ አለመኖር ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ለፊውዟም ልምጣ። ትናንት የተቃጠለች አይደለችም፤ ከቆርቆሮው የወጣች ሰባተኛዋ ናት። ገዳዩ ቁጥሯን በጣቱ ልጦ ጣለው። ሙጫው ግን ቀረ፤ ሙጫው ላይ ደግሞ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ትናንት ቃልዎን ሲፈርሙ ከሰጡን አሻራ ጋር አንድ ነው። እዚህ እግሬ ረግጦ አያውቅም ብለውኛል።»

የአለቃ መሐረብ መሬት ወደቀ፤ አላነሣውም።

«ከመናኸሪያ በቀጥታ እዚህ መጡ» አለች መርማሪዋ። «የራስዎን የእንቅልፍ ኪኒን ሻይ ውስጥ በጥብጠው በፔርሙስ ይዘው መጡ። ከኪሱ የወሰዱት የአውቶቡሱ ምርመራ ወረቀት ግን ግልባጭ ነበር። ዋናው ሽቦ ጋ አለ።»

አለቃ ሽቦን አየው፤ ሽቦም በተራው ዓይኑን አልሰበረም።

«አልዛተብኝም» አለ አለቃ፣ ድምፁ የሌላ ሰው መስሎ። «ቢዝትብኝ ይሻለኝ ነበር። 'አብረን ሄደን እንናገር፤ ብቻህን አልሰድህም' አለኝ። ትከሻዬን ይዞ። ዘጠኝ ሰው... እኔ በቤተሰባቸው ፊት መቆም አልቻልኩም።»

«አንዴ እንኳ 'ሞተርህ እንዴት ሆነች?' ብለው ቢጠይቁት ይነግርዎት ነበር» አለች መርማሪዋ። «ለሁሉም ሰው ሲናገር ነው የዋለው።»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ሲያወጣው ልጅቷ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ወደ ሽቦ ዞረች።

«አባባ ሲሰማ ምን አለ?»

ሽቦ ወደ እሷ ቀረበ። «ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ 'የዘጠኙንም ቤተሰብ ቤታቸው ሄጄ እነግራለሁ' አለኝ። እኔንም ይቅር አለኝ፤ እንዴት እንደቻለ እንጃ።»

«አንቺስ ይቅር ትይኛለሽ ወይ?» ብሎ ሊጨምር ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው።

ከቀብሩ ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጅቷና ሽቦ መርማሪዋ ከመዝገብ ካወጣችላቸው የዘጠኙ ሟቾች ቤተሰቦች አድራሻዎች የመጀመሪያውን በር አንኳኩ። አንዲት ሸበቶ ሴትዮ ከፈተች።

«ማን ልበል?»

«የአውቶቡሱ ሹፌር ልጅ ነኝ።»

ሴትዮዋ በሩን መልሳ ልትዘጋው ገፋችው። ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም፤ የፍሬኑን ምርመራ ወረቀት በሁለት እጇ ዘረጋችላት። በሩ ግማሽ ላይ ቆመ። ሴትዮዋ ቆማ አነበበች፤ ከላይ ጀምራ ደግማ አነበበች። ከዚያ ከበሩ ላይ ፈቀቅ ብላ «ግቡ» አለቻቸው።