ሁለቴ የወደቁት ሰባት አጃቢዎች

ተመራማሪው ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ሥር ተዘርሮ፣ ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቶ ተገኘ። ሰው ገፍቶት የጠረጴዛው ጠርዝ እንደመታው ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ፖሊሱ የጠረጠረው የሟችን ታናሽ እህት ነው። «የአብራሪዎች አስተማሪው ሻለቃ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዚህ ክፍል ሲወጡ ዘበኛው አይቷል። ኮምፒውተሩ አሥር ሰዓት ላይ አዲስ የማስመሰያ ውጊያ ጀምሯል፤ ሟች በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የገባችው እሷ ብቻ ናት። ልውሰዳት?»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች መርማሪዋ። ልጅቷ አሳዝናታለች፤ ከድንጋጤዋ የተነሳ እንባ እንኳ አልወጣትም።

«ሥራችሁ ምንድን ነው እህቴ?»

«ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የሚያጅቡ ተዋጊዎችን በኮምፒውተር እናዋጋለን። ጎኑ ተለጥፈው ይብረሩ ወይስ ቀድመው ይቃኙ? ሻለቃ ሃያ ዓመት ያስተማሩት ‹ተለጠፉ› እያሉ ነው። ወንድሜ ግን መለጠፉ አብራሪዎቹን እንደሚያስጨርስ አረጋገጠ። ነገ ለበላይ ሊያቀርብ ነበር።»

ሻለቃው ቢሯቸው ውስጥ ቀጥ ብለው ጠበቋት። «ከዘጠኝ ጀምሮ እዚሁ ነኝ፤ ጸሐፊዬን ጠይቂ። አሥር ሰዓት ላይ አዲስ ውጊያ ሲከፍት በዚህ ስክሪን አይቻለሁ፣ ልጄ።»

«አዲስ?»

«አዲስ ነዋ!»

መርማሪዋ የማሽኑን መዝገብ መስመር በመስመር አየችና የማሽኑን ቴክኒሺያን ጨምሮ ሁሉንም ሬሳው ወደተነሳበት ክፍል ጠራች።

«ሟች ስምንት ሰዓት ላይ ባካሄደውም በአሥር ሰዓቱም ውጊያ ሰባት አጃቢዎች ወድቀዋል፤ በዚያው ሰከንድ፣ በዚያው ተራ። ቴክኒሺያን፣ ይሄ እንዴት ይሆናል?»

«እያንዳንዱ ውጊያ የራሱ የዕጣ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ሲለወጥ ዕድሉም ይለወጣል። ‹ድገም› የሚለው ቁልፍ ግን ያንኑ ውጊያ መልሶ ያሳያል። ለእንግዳ ማሳያ ብለን በየቢሮው ስክሪን ላይ አስገብተነዋል።»

«ሟች ስድስት መቶ ጊዜ ሲያዋጋ ‹ድገም›ን አንዴም አልነካውም። ቁልፉን የሠራችው እህቱ ናት፤ አንተም ጠባዩን ታውቃለህ። ደግሞ የአሥር ሰዓቱ ውጊያ የሚያስወነጅለው እሷን ነው፤ በገዛ አንገቷ ገመድ አታስገባም። ‹ድገም›ን አዲስ ውጊያ ነው ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሟችን በሕይወት ያለ ለማስመሰል ከቢሮው ሆኖ ነካው። ሻለቃ፣ ‹አዲስ› አላሉኝም?»

ሻለቃው ፊታቸው አመድ መሰለ። «‹ልጆቹን የሚያስፈጀው የእርስዎ ትምህርት ነው› አለኝ። ገፋሁት... መግደልስ አላሰብኩም።»

ፖሊሱ ክንዳቸውን ይዞ ወጣ። መርማሪዋ ወደ እህትየው ዞረች። «በቃ፣ ማንም አይወስድሽም።»

ልጅቷ የወንድሟ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «እንግዲያው አሁን ላልቅስለት» አለች።