ሰማያዊ የመረብ ገመድ

ሀጂ ሀሚድ አልጋቸው ላይ ተዘርግተዋል፤ የኦክስጅኑ ቱቦ ከአፍንጫቸው አልወረደም። ከሪያድ የተመለሰችው ልጃቸው ኢቲሳም ማንንም አላስነካ ብላለች።

«አባቴን የገደለው ሳይያዝ ጀናዛው አይወጣም!»

ሽማግሌዎቹ ለምነው ለምነው ሲያቅታቸው ፖሊስ ተጠራ። ኢንስፔክተር ፋና ስትደርስ ግን ሰፈሩ ፍርዱን ጨርሶ ነበር፤ ገዳዩ ጎረቤታቸው፣ ዓሣ አስጋሪው እንድሪስ ነው። ሐይቅ ከተማ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ሀጂ ያለ ኦክስጅን ማሽን መተንፈስ ስለማይችሉ ጄኔሬተሩ ተነሳ። ጥቂት እንደቆየ የኦክስጅን ማሽኑ ተቃጠለ፤ እሳቸውም ሌላ ሳይገኝላቸው አረፉ። ጠዋት ሲታይ የጄኔሬተሩ የነዳጅ መስጫ ዘንግ በሰማያዊ የመረብ ገመድ ታስሯል።

ፋና መጀመሪያ ያየችው ጣሪያውን ነው። አምፖሉ ውስጡ ጠቁሯል።

«ማሽኑ ሲቃጠል መብራቱ ደክሞ ነበር ወይስ ደምቆ?»

«መጀመሪያማ ይዋዥቅ፣ ይደክም ነበር» አለች የሀጂ ጎረቤት ኑርሀያት። «ኋላ ቦግ አለና ድርግም!»

«አንቺ ቤትም የጄኔሬተሩ መስመር አለ?»

«ኧረ ሁላችን ጋ አለ! ጎረቤቴ ጨለማ ተቀምጦ እኔ አላበራም ብለው ለየቤቱ ገመድ ዘረጉልን። አላህ ይርሐማቸው።»

ጄኔሬተሩን የሚጠግነው ሙስዓብ ተጠራ። የተቆጣ ይመስላል።

«ስንቴ ነገርኳቸው! መብራቱ የሚዋዥቀው ጭነት ስለበዛባት ነው። መድኃኒቱ የጎረቤቱን መስመር መቀነስ ነው፤ ዘንጉን ግን እንዳትነኩ አልኩ።»

«ቢነካስ?»

«ሞተሯን ጭነት ሲከብዳት ዘንጉ ነዳጅ ይጨምራል፣ ሲቀላት ይቀንሳል። ከታሰረ መቀነስ አይችልም። ጭነት ድንገት ሲቀል ሞተሯ ትጋልባለች፤ ኃይሉም ከልክ አልፎ ያገኘውን ያቃጥላል።»

«ሰማሽ?» አለ አንዱ ከደጅ። «እንድሪስ ነው ለማቀዝቀዣው ኃይል ፈልጎ ያሰራት!»

እንድሪስ አጥሩ ሥር ኩርምት ብሎ ተቀምጧል።

«ትናንት ምን አደረግህ?» አለችው ፋና።

«ሀጂን ትንፋሽ አጠራቸው ሲባል ማቀዝቀዣዬን ነቀልኩት። ለሳቸው ይትረፍ ብዬ። ወላሂ!»

ቤቱ ገብታ ማቀዝቀዣውን ከፈተችው። በረዶው ቀልጦ ዓሣው ውኃ ላይ ተንሳፍፏል፤ ሽታው ፊት ያዞራል። ሶኬቱ ወለሉ ላይ ወድቋል። ለዓሣው ብሎ ዘንግ ያሰረ ሰው ዓሣውን እንዲህ አያበላሽም።

አጥሩ ላይ ከተሰቀለው የእንድሪስ መረብ ቁራጭ ገመድ አንስታ «ቋጥርልኝ» አለችው። ቋጠረ። በጥፍሯ ብትል በጥርሷ ብትል አልፈታ አላት። ከዚያ ጄኔሬተሩ ጋ ሄዳ ጎንበስ አለች፤ ብዙም አልቆየች። ስትመለስ ከፍቷት ነበር።

ሰዉን ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰበሰበች።

«ትናንት ዕቃውን ከመስመሩ የነቀለ እንድሪስ ብቻ ነው?»

«እኔም ቴሌቪዥኑን ነቅያለሁ» አለች ኑርሀያት። ሌሎቹም አንድ በአንድ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ኢቲሳም፣ እህቴ፣ ሪያድ ሥራሽ ምን ነበር?»

«ልጆች አሳድግ ነበር።» ድምጿ ወረደ።

«ጫማቸውን ታስሪላቸው ነበር?»

ኢቲሳም ዓይኗን ወደ ጄኔሬተሩ መለሰች፤ ፋና ወደ ሰዉ ዞራ ቀጠለች።

«ዓሣ አስጋሪ የቋጠረው አይፈታም፤ አይታችኋል። ዘንጉ ላይ ያለው ግን ሁለት ጆሮ ያለው ነው፤ የልጅ ጫማ እንደሚታሰረው። ገመዱ ከአጥር ላይ የተነሳ ነው፤ አሳሪዋ ግን የቤት ሰው ናት። ማሽኑ ሲደክምባት ኃይል ይጨምር ብላ ዘንጉን ስባ አሰረችው። ጭነቱ ከባድ ስለነበር ለጊዜው ሠራ። ያኔ ጎረቤት በሙሉ ለሀጂ ብሎ ነቀለ። ጭነቱ ሲቀል ሞተሩ ጋለበ፤ አምፖሉም ማሽኑም ተቃጠለ። ወንጀለኛ የለም። እናንተ ባትነቅሉ ወይ እሷ ባታስር ኖሮ ሀጂ ዛሬ ይተነፍሱ ነበር።»

እውነቱ ይህ ነው፤ ለማንም የሚጠቅም እውነት አይደለም።

«ለአባቴ ትንፋሽ እንዲበዛለት ነው እኮ...» አለች ኢቲሳም። «የገደለው ያንተ ማቀዝቀዣ መስሎኝ... ስለ ገመዱ ሲያሙህ ዝም አልኩ፣ እንድሪስ።»

«አብሽሪ፣ እህቴ። እኔም ነቅያለሁ» አላት እንድሪስ፤ እያለቀሰ ነው።

አልሰማችውም። ጄኔሬተሩ አጠገብ ተንበርክካ የገመዱን ጫፍ ሳብ አደረገችው። ወዲያው ተፈታ።

«አሁን አባቴን ውሰዱት» አለች።