የግራው ክራንቻ

«የግራው ክራንቻ የታለ?»

ተማሪዋ ሐኪም ትንሿን መስታወት ከአባትየው አፍ አውጥታ እንደገና ከተተቻት። ልጅቷ የአባቷን የሥራ ጃኬት ታቅፋ ከወንበሩ አጠገብ ቆማለች። ክራንቻው የት እንዳለ ታውቃለች፤ በያዘችው ጃኬት ኪስ፣ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ነው።

«ነቀልኩት» አለ አባትየው፣ እንደ ልማዱ አፉን በእጁ ከልሎ። «ትናንት። በፒንሳ።»

«በፒንሳ?!»

«ይነቃነቅ ነበር እኮ። ሥራው ነፃ ነው፣ ለመንቀያ ግን ይከፈላል ሲባል ሰማሁ። እኛ ጋራዥ ፈትቶ ለሚያመጣ ሰው የእጅ ዋጋ ይቀነስለታል፤ እዚህም እንደዚያው መስሎኝ…»

ተማሪዋ አልሳቀችም። የአፍ መሸፈኛዋን ዝቅ አድርጋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

አባትየው መካኒክ ነው። ከስምንት ወር በፊት የመኪና ማንሻ ክሪክ እጀታ አምልጦት አራት የላይ የፊት ጥርሶቹን አረገፋቸው። ከዚያ ወዲህ አፉን ሳይከልል አያወራም፤ ሲስቅም ፊቱን ያዞራል። ስልክማ ጨርሶ ትቷል። የሚደውለውም የሚቀበለውም በልጁ በኩል ነው፤ «ጸሐፊዬ» ይላታል። አንድ የግል ክሊኒክ የሰባት ወር ደመወዙን ጠየቀ። በየወሩ ይከፈለን ያሉት ሌሎቹ ደግሞ ዋስ አምጣ አሉት፤ ዋስ ይሆናል የተባለው ዘመድ ስልኩን አጠፋ። ኢንሹራንሱ «ጥርስ የውበት ጉዳይ ነው» ብሎ በደብዳቤ መለሰለት። ልጅቷ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብላ ስታነብለት እሱ የሾርባውን ሳህን እያየ ነበር።

የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቱን ያገኘችው እሷ ናት። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ለፈተና አንድ አንድ ታካሚ ይፈልጋሉ። የፊት ጥርሶቹ የወለቁ፣ ሁለቱ ክራንቻዎቹ ግን ያሉ ሰው ከተገኘ ክፍተቱን የሚሞላ ድልድይ ጥርስ በነፃ ይሠሩለታል። አባቷ ልክ እንደዚያ ነበር። ያን ቀን ቤታቸው ሠርግ መስሎ ዋለ።

ባለፈው ማክሰኞ ተማሪዋ ሐኪም ለልጅቷ ደወለች። «የግራው ክራንቻ ትንሽ ይነቃነቃል፣ ግን አክሜ አድነዋለሁ። ድልድዩን የሚሸከሙት ሁለቱ ክራንቻዎች ናቸው። ማንም እንዳይነካው፤ ለአባትሽ ንገሪው፣ እሺ?»

«እሺ» አለች ልጅቷ። ከፊቷ የሒሳብ ደብተር ተዘርግቷል፣ ጓደኛዋ ደግሞ በላይ በላዩ ሜሴጅ ትልካለች። በኋላ እነግረዋለሁ ብላ ረሳችው። በቃ፣ ረሳችው።

«አሁን ድልድዩን ምን ላይ ልሥራው?» አለች ተማሪዋ ከወንበሯ። «ፈተናዬ የሚመጣው ሐሙስ ነው። ሌላ ታካሚ መፈለግ አለብኝ።»

ልጅቷ የክብሪት ቀፎውን አውጥታ ዘረጋችላት። «መልሰሽ ብትተክይውስ?»

ተማሪዋ ከፍታ አየችው። «ደርቋል፣ የኔ ቆንጆ። አይሆንም።»

«የሚወልቀውና የሚገባው ዓይነት ጥርስስ?»

«እሱ ይሠራል። ግን ለፈተና አይያዝልኝም፣ በክፍያ ነው።» ዋጋውን ነገረቻቸው። አባትየው የማይገዛውን መኪና ዋጋ እንደጠየቀ ሰው በትሕትና ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ተማሪዋ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ማክሰኞ ደውዬልሽ አልነበር እንዴ? አልነገርሽውም?»

«ነግራኛለች» አለ አባትየው። ይህን ሲናገር አፉን አልከለለም፤ ክፍተቱ ሁሉ ታየ። «እኔ ነኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ያልኩት። ልጄ ምን ታድርግ።»

አውቶቡሱ ውስጥ አባትየው በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ድዱ አብጦ ጉንጩ ከፍ ብሏል። ሁለት ፌርማታ አለፉ።

«አባ…»

«ተይው።»

«ግን እኮ አልነገርኩህም።»

«አውቃለሁ። ፒንሳውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም። ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ፤ አንቺ ዝም በይ። ነገ የሒሳብ ፈተና አለሽ።»

እፎይ አለች። እፎይ በማለቷ ደግሞ ራሷን ጠላች። እናቷ ይህን ስትሰማ ምን እንደምትል ታውቃለች። «ጉልበት እንጂ ጭንቅላት የለህም» ትለዋለች፤ እሱም አፉን ከልሎ ይሰማል። ለዓመታት ይሰማል። ሌላ የጥርስ ትምህርት ቤት ደግሞ በከተማው የለም፤ ፈልጋ አይታለች።

እናትየው በሩን የከፈተችው እጇን በሽርጧ እየጠረገች ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ቀይ ፖም ተቀምጧል። «ጥርስህ የተገጠመ ቀን በመጀመሪያ የምትነክሰው ይህን ነው» ብላ የገዛችለት ነው። ለማንም አላስነካም ብላ ስትጠብቀው ሰነበተች።

«እህስ? መቼ ይገጥሙልሃል?»

አባትየው እጁን ወደ አፉ አነሳ። «እንግዲህ… ጥፋቱ የኔ…»

ልጅቷ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ቢላ አምጥታ ፖሙን ለሁለት ሰነጠቀችው፤ ከዚያ ሳይነክስ በመንጋጋው ሊያላምጠው በሚችለው መጠን ስስ ስስ አድርጋ መቁረጥ ጀመረች። እናትየው «ኧረ ተይ!» ብላ ልትይዛት ተጠጋች።

«እማ» አለች፣ ዓይኗን ከቢላው ሳታነሳ። «ማክሰኞ ሐኪሟ ደውላልኝ ነበር።»