ቆመው ነው ተቀምጠው?

አው ዲሪዬ ጣሪያቸው ላይ ተቀምጠው ይሰግዳሉ። ፊልሳን ዓይኗን ተጠራጠረች። አርባ ዓመት ሙሉ በመስጊዱ የፊት ረድፍ የቆሙ ሽማግሌ ናቸው። ተቀምጦ የሚሰግደው ደግሞ መቆም ያቃተው ብቻ ነው።

«ቀስ በል» አለችው የአጎቷን ልጅ ሊባንን።

ሊባን መቅዘፊያውን አነሳ። ጀልባዋ በገበያው መንገድ ላይ ድምፅ ሳታሰማ ተንሳፈፈች። የሸበሌ ወንዝ በለድወይንን ከዋጣት አራተኛ ቀኑ ነው። ሰማዩ ወርዶ መንገዱ ላይ ተኝቷል፤ ከላይ ደመና፣ ከሥር ደመና፣ መሀል ላይ የማንጎ ዛፎች ጫፍ። እንዲህ ያለ ጥፋት እንዲህ ማማሩ ፊልሳንን ያሳፍራታል።

ጠዋት እኚህኑ ሽማግሌ «ያመመዎት ነገር አለ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። «ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። የበሽተኞች ዝርዝሯ ላይ «ጤነኛ» ብላ ጻፈች። ሠላሳ አንድ ቤት ጠይቃ ሃያ ዘጠኙ ሰላም ነበሩ። በዚህ አገር ሰላም ነው የማይል ማን አለ? ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው እንኳ መጀመሪያ ሰላም ነው ይላል፤ ውሃ አቀብሉኝ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።

«ምን ታስቢያለሽ፣ ዶክተር?» አለ ሊባን። ዝርዝሩን ከያዘች ጀምሮ የሚጠራት እንዲህ ነው።

«ዝርዝሩ ተበላሽቷል።»

«ውሃ ነካው?»

«አልነካውም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ኮረብታው ላይ ነርስ ሂቦ ስልኳን ይዛ ከሕክምናው ድንኳን ደጃፍ ትጠብቃለች። ሐኪሞቹ ጀልባ የሚልኩት እሷ በምትነግራቸው የበሽተኛ ብዛት ልክ ነው። በሽተኛው ጥቂት ከሆነ ትንሿ ትበቃለች፤ ትልቁ ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል፣ እስከ ሦስት ቀንም አይመለስም።

«ጽሕፈትሽ ሲያምር» አለች ሂቦ ወረቀቱን ተቀብላ። «ሁለት በሽተኛ ብቻ? ተመስገን። በቃ፣ ትልቁን ጀልባ ልልቀቀው።» ስልኳን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

ከክፍሏ ተማሪዎች ሁሉ ፊልሳንን የመረጧት ለዚሁ ጽሕፈቷ ነው። ተሳስቻለሁ ካለች ነገ ወረቀቱን ለሌላ ልጅ ይሰጡታል፤ ዝም ካለች ደግሞ ማንም አያውቅባትም። ፈራች።

«እህቴ ሂቦ፣ አትልቀቂው» አለች። «አው ዲሪዬን ጤነኛ ብያቸዋለሁ። አሁን ግን ተቀምጠው ሲሰግዱ አየኋቸው።»

«አው ዲሪዬ? ተቀምጠው?» ሂቦ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች።

«አጠያየቄ ልክ አልነበረም። እስከ መግሪብ ሶላት፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጊዜ ስጪኝ።»

ሂቦ የአው ዲሪዬን ስም ከበሽተኞቹ ጨምራ ወረቀቱን መለሰችላት። «እስከ መግሪብ» አለች።

ተመልሰው ወደ ውሃው ወረዱ። የመጀመሪያው ቤት የአክስት ሹክሪ ነው። ጠዋት ከመስኮቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰላም ብለዋታል፤ አሁንም ያው ድምፅ ሰላም አላት። ፊልሳን ሰላምታውን አልቸኮለችበትም። የልጆቹንም፣ የፍየሎቹንም ደኅንነት ጠየቀች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

«አክስቴ፣ ዛሬ የአስርን ሶላት እንዴት ሰገዱ? ቆመው ነው ተቀምጠው?»

ደመናው በውሃው ላይ ቀስ ብሎ ቤቱን አለፈ። በሶላት የሚዋሽ የለም።

«ተኝቼ» አሉ አክስት ሹክሪ።

ሊባን ቀልዱ ሁሉ ጠፋበት። ፊልሳን በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ የጻፈችውን «ጤነኛ» ሰረዘች። እንደገና የሚጠየቅ ሃያ ሰባት ቤት ይቀራል።