የማይነበቡ ጣቶች

ማክሰኞ፣ መጋቢት አራት ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ልጅቷ ቀኝ አውራ ጣቷን ለሰባተኛ ጊዜ የአሻራ ማንሻው መስታወት ላይ አሳረፈች። ለሰባተኛ ጊዜም ቀዩ መብራት በራ።

«ጫን አድርጊው» አለች ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው የፓስፖርት ሠራተኛ። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል ስትደጋግም የቆየች ሰው ድካም ብቻ ነበር።

«እየተጫንኩት ነው።»

«እስቲ በሶፍት ጥረጊውና ድገሚ።»

ጠረገች፤ ደገመች። አሁንም ቀይ።

ማለዳ ተነሥቶ ወረፋ የያዘላት ታላቅ ወንድሟ ከኋላዋ ጠጋ አለና «ፕሮፌሰር፣ ባንክ ብንዘርፍ እኮ ማንም አይደርስብንም» አለ በሹክሹክታ። ሊያስቃት ፈልጎ ነበር፤ ለመሳቅ የሚሆን አቅም ግን አልነበራትም።

ሠራተኛዋ የልጅቷን እጅ በመስኮቱ ሥር ሳብ አድርጋ ጣቶቿን አንድ በአንድ ገለባበጠቻቸው። ጫፋቸው ልሙጥ ሆኗል፤ ዳር ዳሩ ተሰነጣጥቋል።

«ምን ሥራ ትሠሪያለሽ?»

«ተማሪ ነኝ። ከትምህርት ቤት መልስ ከእናቴ ጋር የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ አጥባለሁ።»

«በበረኪና?»

«አዎ።»

ሠራተኛዋ በረጅሙ ተነፈሰች። እንዲህ ያለ እጅ ስታይ የመጀመሪያዋ አልነበረም። «የልጅነት ፓስፖርትሽን ስታወጪ አሻራ አልተጠየቅሽም። አሁን ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶሻል፤ ይኼኛው የአዋቂ ነው፣ ያለ አሻራ አይወጣም። ሁለት ሳምንት ሳሙናና በረኪና የሚባል ነገር እንዳትነኪ፤ ቫዝሊን ተቀቢ። ቆዳው ይመለሳል።»

«የፓስፖርት ቁጥሬን እስከ መጋቢት ሃያ ለትምህርት ቤቴ ካልሰጠሁ፣ ውጭ አገር ለሚደረገው የሳይንስ ውድድር በእኔ ቦታ ሌላ ተማሪ ይሄዳል።»

«አሻራሽ በተነሣ ማግሥት ቁጥሩን ታገኛለሽ። ይደርሳል፣ የኔ እኅት፤ ከዛሬ ከጀመርሽ» አለችና ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራች።

በአውቶቡሱ ውስጥ ወንድሟ እንቅልፍ ወስዶት ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። እሷ መዳፎቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያቸው ነበር። ለውድድሩ የምታቀርበውን የውኃ ማጣሪያ ለመሥራት ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። ቀን በቀን የሚመጣው ሠላሳ አንሶላ ግን የእሷን ጣት አይጠብቅም፤ የእናቷ ቀኝ የእጅ አንጓም ካበጠ ወራት አልፈዋል።

ግቢ ሲደርሱ ሁለት ሳፋ አንሶላ ተዘፍዝፎ ጠበቃቸው፤ አንዱ የእናት፣ ሌላው የእሷ። ልጅቷ የተባለችውን ሁሉ ነገረች። እናት ሰምታ ስትጨርስ የልጇን ሳፋ በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ ራሷ አስጠጋችው።

«በቃ፣ አትንኪ። እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«በምን እጅሽ እማ?»

«እጅ ሞልቶኝ የለ» አለች እናት።

ከዚያም የአንዱን አንሶላ ጫፍ ቧንቧው ላይ አሰረችና ሌላውን ጫፍ በግራ እጇ መጠምዘዝ ጀመረች። አንሶላ ለመጭመቅ ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ይቆሙ ነበር። አሁን ግን ጥምዝምዙ ግማሽ ሳይደርስ እየተፈታ፣ ውኃው ተመልሶ እግሯ ላይ ይፈስሳል። በሦስተኛው ሙከራ በክርኗ ደገፈችው፤ ፊቷ ጭምድድ አለ።

የልጅቷ እጅ ሳታዘው ወደ አንሶላው ተዘረጋ። ሊነካው አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

ዞር አለች። ወንድሟ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ዳቦ እየገመጠ ስልኩን ይነካካል። ሥራ ፍለጋ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላውን እቤት ነው የሚያሳልፈው። በዚህ ቤት ሳፋ ያስነካው ሰው የለም፤ እሱም ጠይቆ አያውቅም።

«ወንድሜ፣ ና ያንን ጫፍ ያዝ።»

ሳቅ አለ። «እኔ?»

«እስከ መጋቢት ዐሥራ ስምንት። የእኔን ድርሻ በሙሉ።»

«ኧረ ተይው» አለች እናት፣ ቀና ሳትል። «እሱ መች ያውቅበታል?»

«እኔስ መች አውቅ ነበር እማ? የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ነው የተማርኩት።»

ልጅቷ ባልዲውን ደፍታ ተቀመጠችበት፤ ደረቅ እጆቿን በብብቶቿ ሥር ሸጎጠች፤ በልጅነቷ ስትቀጣ ታደርግ እንደነበረው ግን አንገቷን አልደፋችም።

«ትይዝልኛለህ?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ወንድሟ ማኘኩን አቆመ። እናቱን አየ፤ ከቧንቧው ላይ ተንጠልጥሎ የሚንጠባጠበውን አንሶላ አየ፤ የገዛ እጆቹንም አየ። ልጅቷ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል ጠበቀች። ውኃው ሲሚንቶው ላይ ጠብ ጠብ ይላል።