ከላሞቹ ጋር ያሰለፍኳት ልጄ

ውሸታም መሆኔን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሰው ማስደንገጥ ስለምወድ ስንት ጉድ ፈጥሬ አውርቻለሁ።

ይሄኛውን ግን አልፈጠርኩትም። ብፈጥረው ኖሮ እየሳቅኩ ነበር የምነግራችሁ።

ቦታው ጃቫ፣ ሜራፒ ተራራ ወገብ ላይ ያለችው መንደራችን ናት። ሰዓቱ ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የከሰዓቱ ወተት የሚታለብበት ሰዓት።

ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔ፣ ላሞቼና ትንሿ ልጄ ዌኒንግ ነን። ሚስቴ ላስትሪ ታይዋን ሰው ቤት ተቀጥራ ከሄደች ቆየች። እሷ በስልክ ታየናለች። እኔ አጭዳለሁ፣ አልባለሁ፣ ለልጅቷ ሹሩባ እሠራለሁ። ሹሩባዬን ያየ ሁሉ ይስቅብኛል።

ልጅቷ ስትተኛ የማወራው ሰው የለኝም። በረት ገብቼ ለላሞቹ አወራለሁ።

ዝም ብለው ያመነዥካሉ።

ከረመዳን ፆም በኋላ እኛ ጋ የላሞች በዓል አለ። እናጥባቸዋለን፣ ሽቶ እንረጫቸዋለን፣ አንገታቸው ላይ ኩፓት እናንጠለጥልላቸዋለን። በኮኮናት ቅጠል ተቋጥሮ የተቀቀለ ሩዝ ነው። ከዚያ መንገድ ላይ እናሰልፋቸዋለን። የዚያን ቀን ነቢዩ ሱለይማን ከብቱን ሁሉ ዞረው ያያሉ ይባላል።

ላሞቼን ሳሳምር ዌኒንግ አኮረፈች።

"የኔስ ኩፓት?"

እኔ ነገር ካገኘሁ መች እለቃለሁ! አንዱን ኩፓት አንገቷ ላይ አሰርኩላት። ሽቶውንም ረጨኋት። ከላሞቹ ኋላ አሰልፌ ይዣት ወጣሁ።

"ኑ እዩልኝ! አዲስ ጥጃ!"

"ስንት ሊትር ትሰጣለች?" አለኝ አንዱ።

"ለጊዜው ሽንት ብቻ!"

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። እሷም "እምቧ!" አለችላቸው። ፎቶ አንስቼ ለእናቷ ላክሁላት።

እማማ ካርሲ ብቻ አልሳቁም። ጎረቤቴ ናቸው፣ ላም ሲያልቡ ያረጁ ሴትዮ።

"አንተ ቀልማዳ! አውልቅላት።"

"ቀልድ እኮ ነው እማማ።"

ጠጋ ብለው በሹክሹክታ... "ዛሬ የሚያዩት ነቢዩ ብቻ አይደሉም። ከኋላ ተከትሎ የሚያይ አለ። እሱ የሚያየው ሊወስድ ነው። ላም ቢወስድ ላም ነው። አንተ ልጅህን ታሰልፋለህ?"

ሳቅሁባቸው።

በማግስቱ ዌኒንግ ስትነሳ ፀጉሯ እርጥብ ነበር።

ሹሩባው ተፈቷል። ፀጉሯ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል... ላም የላሰችው ጥጃ ይመስል።

"ውሃ ነካሽ እንዴ?"

"አይ።"

"ታዲያ ማን አረጠበሽ?"

ትከሻዋን ሰበቀች።

የዚያን ቀን ላሞቹ ወተት ከለከሉኝ። ብለማመጥ፣ ብሳደብ፣ ጠብ አልል አለ። ዌኒንግ መጥታ መሃላቸው ስትቆም... ሹር... ሹር... ሹር...

ደስ አላለኝም። ግን ወተት ሰብሳቢው እየጠበቀ ነበር፤ አለብኩ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ።

ዘጠኝ ሰዓት። ጉም ከተራራው ወርዶ መንደሩን ዋጠው። ግንባሬን የላሟ ሆድ ላይ አስደግፌ አልባለሁ። ዌኒንግ ከኋላዬ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ትዘፍናለች።

ላሞቹ ማመንዠክ አቆሙ።

ሁሉም... አንድ ላይ።

አንገታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ላም እንደዚያ የምትዞረው ባለቤቷ ሣር ይዞ ሲመጣ ነው።

ባለቤታቸው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብያለሁ።

ኮቴ ሰማሁ። ቀስ ያለ። የመጀመሪያዋ ላም ጋ ቆመ።

ጠፍ... ጠፍ...

ገዢ ላም ሲያይ ጀርባዋን መታ መታ እንደሚያደርገው።

ወደ ቀጣይዋ አለፈ። ጠፍ... ጠፍ...

የማልባት ላም ወገቧ ዝቅ አለ። ከራሴ በላይ እጅ ያረፈባት ይመስል። ቀና ብዬ አየሁ። ምንም የለም።

ከኋላዬ ዘፈኑ ተቋረጠ።

"አባዬ..."

"ነይ ወደኔ።"

"አትንቀሳቀሺ ብሎኛል።"

"ማነው?"

"አፍሽን ክፈቺ አለኝ... ጥርሴን ሊያይ።"

ዞርኩ። ጉሙ በረቱን ሞልቶታል። ባልዲውም አይታየኝም። እየተንፏቀቅኩ በእጄ ፈለግኋት። ላም... ላም... ግድግዳ...

"ከብት አይደለችም!" ብዬ ጮህኩ። "ልጄ ናት! ሌላ የለኝም! የፈለግከውን ውሰድ፣ እሷን ተዋት!"

ኮቴው ወደኔ መጣ።

ከዚያ የኔን ጀርባ...

ጠፍ... ጠፍ...

ኮቴው ወጣ። ጉሙ ሳሳ። ዌኒንግ ላሞቹ መሃል ቆማለች፣ አፏን እንደከፈተች። አቀፍኳት። ትሞቃለች፣ ትተነፍሳለች። እንደ እብድ ሳቅሁ፣ አለቀስኩ።

ሲመሻሽ ላስትሪ ደወለች። ስልኩን ወደ ልጅቷ አዞርኩላት።

"ጆሮዋ ምን ሆነ?" አለች።

የዌኒንግ ጉትቻ ከጆሮዋ ታች ነው ያለው። ይሄ ግን የጆሮዋ መሃል ላይ ነበር። የከብት ሐኪሞች ለላሞቼ ቢጫውን የቁጥር ምልክት ሲያስሩላቸው የበሱበት ቦታ ላይ።

ክብ ቀዳዳ። ደም የለው። ቁስል የለው። በቀዳዳው የአምፖሉ ብርሃን ይታያል።

"እኔ... አላውቅም ላስትሪ..."

ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

"ያንተስ?" አለች በቀስታ።

እጄን ወደ ጆሮዬ ሰደድኩ።

የትንሿ ጣቴ ጫፍ በወዲያ በኩል ወጣ።